ከክፍል ውጭ የተገኘ ዕውቀት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሊቆጠር ይችላል ወይ? ከድሬዳዋ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ ምላሾች

ጥያቄ፦ የሳቢያን እኅት (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የማቀርበው ጥያቄ የታናሽ ወንድሜን ትምህርት የሚመለከት ነው። ወንድሜ 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቅቆ 11ኛ ክፍል ከተመዘገበ ብዙም ሳይቆይ አባታችን በጠና ስለታመሙ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ከአሸዋ ገበያ ብዙ በማይርቅ አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ወርክሾፕ) ሥራ ጀመረ። አሁን 19 ዓመቱ ነው። አባታችን ከዚህ ዓለም ካለፉ በኋላ የቤቱ ወጪ በእኔና በእርሱ ላይ ስለወደቀ፣ ሥራውን ትቶ ቀን ቀን ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ማለት የማይቻል ሆነብን። እርሱ ግን መማር አላቋረጠም ብዬ ነው የማምነው።

ይህን የምለው በዓይኔ አይቼ ነው። ምሳ ላደርስለት በሄድኩበት ጊዜ አንድ የውሃ ፓምፕ ሻፍት አዲስ እንዲያወጣ ተሰጥቶት ነበር። ብረቱ በአንድ ጫፉ 40 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው ጫፉ 32 ሚሊ ሜትር ሆኖ በ80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ ቀስ በቀስ መቅጠን አለበት። ወንድሜ የካርቶን ቁራጭ አንሥቶ የሁለቱን ውፍረት ልዩነት ለሁለት ሲያካፍል 4 አገኘ፤ 4ን ለ80 ሲያካፍል 0.05 ሆነለት፤ ከዚያም ታንጀንቱ 0.05 የሚሆነው ስንት ዲግሪ እንደሆነ በስልኩ አይቶ የመቁረጫውን መያዣ ወደ 2.9 ዲግሪ አዘነበለና ማሽኑን አስነሣ። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ይህንኑ ሥራ በዓይን ግምትና በተደጋጋሚ ሙከራ ነበር የሚሠሩት፤ አሁን ግን ልኬቱን ለእርሱ ትተውለታል። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ያሰላ ተማሪ ማርክ ይሰጠው ነበር።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ውጭ የሠራው የሥራ ልምምድ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በክሬዲት፣ ማለትም ለተጠናቀቀ ትምህርት በሚመዘገብ ነጥብ፣ እንደተቆጠረለት ሲነግረን ወንድሜ በጣም ተገረመ፤ ተስፋም አደረገ። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በአገራችን በሥራ ላይ የተገኘ ዕውቀት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሚቆጠርበት መንገድ አለ ወይ? ከሌለ፣ ሥራውን ሳይተው 12ኛ ክፍልን የሚጨርስበት የትኛው አማራጭ ይሻለዋል? የአሜሪካው አሠራርስ በትክክል ምን ይመስላል? የምታውቁ ብትረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ምላሽ 1፦ የማታ መምህር (ከዚራ)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ አባታችሁን ነፍስ ይማር፤ ለእናንተም መጽናናትን ይስጣችሁ። ለረጅም ጊዜ በማታ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ሳስተምር ስለቆየሁ፣ በተለይ ሁለተኛውን ጥያቄዎን በዝርዝር ልመልስ።

አስቀድሞ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ግልጽ ይሁን። በእኛ አገር ክሬዲት የሚለው አቆጣጠር የሚሠራው በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠረው የክፍል ደረጃ እንጂ የአንድ የትምህርት ዓይነት ነጥብ አይደለም፤ ማለትም ተማሪው በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ዓመቱን ሙሉ ተመዝኖ፣ ተደምሮና ተካፍሎ ነው ከ11ኛ ወደ 12ኛ የሚዛወረው። ስለዚህ ወንድምዎ በትሪጎኖሜትሪ ከመምህሩ ቢበልጥ እንኳ «ይህ ምዕራፍ ተይዞልሃል፣ ቀሪውን ብቻ ተማር» የሚባልበት መዝገብ የለንም። የጠየቁት ነገር ችግሩ የወንድምዎ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን ዕውቀቱን የሚቀበል ሣጥን በትራንስክሪፕቱ ላይ አለመኖሩ ነው።

ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ከመደበኛው የቀን ትምህርት ውጭ የሚታወቁት መንገዶች ማታና ርቀት ናቸው። የማታ ትምህርት መርሐ ትምህርቱ ያው የመደበኛው ነው፤ መጽሐፉም ያው ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው። ከሥራ በኋላ ስለሚሰጥ ለወንድምዎ ዓይነት ሰው ተስማሚ ሲሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ቀን ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ሲያስጨንቅ የማታዎቹ ትንሽ ይቀላቸዋል። ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ወጣት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኬሚስትሪ ሲሰጠው ዓይኑ ይከደናል፤ መብራት የሚጠፋበትም ምሽት አለ። ካስተማርኳቸው መካከል ያቋረጡት አብዛኞቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ አሠሪያቸው ወደ ማታ የሚገፋ ሥራ ሲያበዛባቸው ነው። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ከቶርኖ ቤቱ ባለቤት ጋር ስለ መውጫ ሰዓቱ በግልጽ ይነጋገር፤ እርስዎም አብረው ቢሄዱ ይሻላል።

የርቀት ትምህርት ሞጁል ተቀብሎ በራስ ጊዜ እያነበቡ፣ በተወሰኑ ቀናት ለማጠናከሪያ ትምህርት እየተገኙ፣ በመጨረሻም ፈተና እየወሰዱ የሚማሩበት ነው። ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ተማሪ ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ያለ መምህር ከሞጁል ብቻ መረዳት ከባድ መሆኑን ደብቄ አላልፍም። ከሁሉም በላይ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ተቋሙ ለዚያ የክፍል ደረጃ የታደሰ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከአስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት በቂ አይደለም። ፈቃድ ከሌለው ተቋም የተሰጠ ትራንስክሪፕት ለብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ሲቀርብ ውድቅ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ የሚባክነው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ነው።

የግል ተፈታኝነትን በተመለከተ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። የግል ተፈታኝ መሆን 11ኛንና 12ኛን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ፈተናው የሚያስገባ አቋራጭ አይደለም። የየክፍሉ ማስረጃ ያስፈልጋል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቀረ፣ ወንድምዎ በእጁ ሊኖረው የሚገባው የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቱ ነው። ካቋረጠበት ትምህርት ቤት መልቀቂያውን አሁኑኑ ያውጣ፤ መዝገብ ቤት በሰኔና በመስከረም ስለሚጨናነቅ ያን ጊዜ መጠበቅ አያስፈልግም።

ምላሽ 2፦ መዛኙ (የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ፣ ድሬዳዋ)

መምህሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ እኅታችን በመጀመሪያ ስለጠየቁት፣ ማለትም በሥራ ላይ ስለተገኘው ዕውቀት፣ ልናገር። በአገራችን ይህ ዕውቀት ሙሉ በሙሉ ያልታሰበበት አይደለም። የታሰበበት ቦታ ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይሆን ቴክኒክና ሙያ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ውጤትን መሠረት ያደረገ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ አንድ ሰው ሙያውን የተማረው በኮሌጅም ይሁን በጋራዥ፣ ከአባቱም ይሁን ከጎረቤቱ፣ በሙያ ደረጃ መስፈርቱ የተዘረዘረውን መሥራት ከቻለ ተመዝኖ ማስረጃ ሊያገኝ ይገባል የሚል ነው። ሰዉ ሁሉ ሲኦሲ የሚለው የብቃት ምዘና ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ የወንድምዎ ቶርኖ ቤት በዚህ ሥርዓት ፊት እንደ ትምህርት ቦታ ይቆጠራል፤ ይህን በደንብ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ወጣቶች ምዘናው ኮሌጅ ለተመረቁ ብቻ የተፈቀደ ይመስላቸውና ሳይመዘገቡ ይቀራሉ።

ምዘናው የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍና የተግባር ሥራ አለው። ከልምድ የመጡ ተመዛኞች በተግባሩ እምብዛም አይቸገሩም። ሥዕል ይሰጣቸዋል፤ ብረቱን ለክተው፣ ቆርጠው፣ አለስልሰው በተፈቀደው የልኬት ልዩነት ውስጥ ያስረክባሉ። የሚወድቁት በአብዛኛው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጽሑፍ ፈተናው ቃላት ነው፤ በቶርኖ ቤት በአንድ ስም የሚጠራውን ዕቃ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ሲያዩት ይደነግጣሉ። ሁለተኛው የደኅንነት ሥርዓት ነው። መነጽር ሳያደርጉ፣ የእጅጌያቸውን ጫፍ ሳይሰበስቡ ማሽን ያስነሣሉ፤ የቁራጩን መያዣ ቁልፍ ከማሽኑ ላይ ሳያነሡ ሞተሩን ይከፍታሉ። በየሠፈሩ ቶርኖ ቤት ይህ እንደ ተራ ነገር ስለሚታይ ልማድ ሆኖባቸዋል፤ መዛኝ ግን ይህን አይቶ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም፤ ጣት የተቆረጠበትን ሰው ስላየሁ ነው እንዲህ የምለው። ወንድምዎ የዘርፉን የሙያ ደረጃ መስፈርት ፈልጎ፣ በውስጡ የተዘረዘሩትን የብቃት አሃዶች አንድ በአንድ እያነበበ የሚችለውንና የማይችለውን ቢለይ፣ የትኛው ደረጃ እንደሚመጥነው ያውቃል፤ ለዝግጅትም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። የብቃት ማረጋገጫው የ12ኛ ክፍል ማስረጃን አይተካም። ሁለቱ የተለያዩ መሰላሎች ናቸው። በብቃት ማረጋገጫው በኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካና በባቡር ጥገና ክፍል ለሚወጣ የማሽን ባለሙያ ቅጥር መወዳደር ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ምክሬ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲተው ሳይሆን፣ ዘንድሮ ምዘናውን ወስዶ የደመወዙን አቅም ከፍ እያደረገ ማታ እንዲማር ነው። በመደበኛው የኮሌጅ ሥልጠናችንም ቢሆን የትብብር ሥልጠና መርሑ 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሰጥ የሚል ነው፤ ወንድምዎ ሰባውን አስቀድሞ ጀምሮታል።

ምላሽ 3፦ የድሬ ልጅ ከኮሎምበስ

ሰላም የአገሬ ልጆች። ተወልጄ ያደግሁት መጋላ ነው፤ አሁን በኦሃዮ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በረዳትነት እሠራለሁ። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከእኔ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

የአክስታችሁ ልጅ የተጠቀመበት አሠራር እዚህ ተለዋዋጭ ክሬዲት በሚል ሐሳብ የሚታወቀው ነው። የግዛቲቱ የትምህርት ቦርድ ዕቅዱን እ.ኤ.አ. በ2009 አጽድቆ፣ ትምህርት ቤቶች ከ2010–11 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲያውሉት ተደረገ። በዚህ መሠረት ተማሪ ክሬዲት የሚያገኘው እንደ ወትሮው ክፍል ገብቶ በመማር፣ ወይም ትምህርቱን ማወቁን በፈተናም ሆነ በሥራ በማሳየት፣ ወይም ሁለቱን በማጣመር ነው። የሥራ ልምምድ፣ በግል የሚደረግ ጥናት፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሁሉ ሊገባበት ይችላል። በዚህ መንገድ የተገኘው ክሬዲትም በትራንስክሪፕቱ ላይ ከሌላው እኩል ይጻፋል።

ነገር ግን ከሩቅ ሲሰማ ልጁ ሥራ ስለሠራ ብቻ የተሰጠው ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም። አስቀድሞ ዕቅድ ይጻፋል። በዕቅዱ ላይ ምን እንደሚማር፣ የትኛውን የትምህርት መስፈርት እንደሚያሟላ፣ በምን ማስረጃ እንደሚያሳይና ማን እንደሚገመግመው ይሰፍራል፤ ፈቃድ ያለው የዚያ ትምህርት መምህርም ይከታተለዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ «ይህን ሠርቼ ነበርና ቁጠሩልኝ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ማስረጃው በጊዜው ስላልተያዘ። የካርቶኑ ላይ ስሌት ለምሳሌ እዚህ ቢሆን ፎቶ ተነሥቶ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ከተሠራው ሻፍት ልኬት ጋር ተያይዞ በመዝገብ ይቀመጥ ነበር። ወንድምሽ ዛሬውኑ እንዲህ ዓይነት መዝገብ ቢጀምር ለምዘናውም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው ተማሪው ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ነው፤ አንድ የካርኔጊ አሃድ የሚባለው ወደ 120 ሰዓት ያህል ነው። ይህ መለኪያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተስፋፋው የካርኔጊ ፋውንዴሽን ለፕሮፌሰሮች ጡረታ መስጠት ሲጀምር የጡረታው ተጠቃሚ ለመሆን የሚፈልጉ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ በዚህ አሃድ እንዲመዝኑ ስለጠየቀ ነበር። የተማሪን ዕውቀት ለመለካት ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ኒው ሃምፕሻየር የተባለችው ግዛት ከኦሃዮም ቀድማ ከሰዓት ይልቅ ብቃትን መለካት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርት ላቋረጡ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያን የሚተካ ማስረጃ የሚያሰጥ ጂኢዲ የሚባል ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ትምህርታቸውን አቋርጠው ለጦርነት ለዘመቱ ወታደሮች የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት በሚሉ አራት ክፍሎች ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ 145 ያመጣ ያልፋል። ይህን ያነሣሁት ወንድምሽ እንዲወስደው አይደለም። በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈልግ ሰው የአገሩን መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከውጭ የመጣ ማስረጃ የአቻ ግምት ጣጣ አለበት።

ምላሽ 4፦ የሁለት ልጆች አባት (ድሬዳዋ)

የተሰጡትን ምላሾች በአክብሮት አንብቤአለሁ። የኦሃዮውን ዓይነት አሠራር ወደ እኛ እናምጣ የሚል ሐሳብ ቢነሣ ግን እኔ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው ስርቆቱ ከቁጥጥር ውጭ ስለሆነ ነው። በዚያ አሠራር በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ማለት በየትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ማርክ እየተሰጣቸው ያለፉ በጣም ብዙ ልጆች በጥብቅ ፈተና ሲመዘኑ ግማሹን አላገኙም ማለት ነው። መምህር ፊት ለፊት ተቀምጦ የተሰጠው ማርክ ይህን ያህል ካላስተማመነ፣ በአንድ ወርክሾፕ ባለቤት ፊርማ የሚሰጥ ክሬዲት እንዴት ይታመናል? ገንዘብ ያለው አባት ለልጁ ልምምድ ሠርቷል የሚል ደብዳቤ ይገዛለታል፤ በሐቅ ብረት ሲቆርጥ የዋለው የድኻ ልጅ ከእርሱ እኩል ይሰለፋል። የእኅታችን ወንድም ጎበዝ መሆኑን አልጠራጠርም። እኔ የምጠራጠረው ለእርሱ የተከፈተው በር ማንን እንደሚያስገባ ነው።

በተጨማሪም ትምህርት ቤት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ታሪኩ፣ ቋንቋው፣ ባዮሎጂው ቶርኖ ቤት ውስጥ አይገኝም። ልጁ አርባ ዓመት ሲሞላው ከብረት ሌላ የሚያውቀው ነገር እንዲኖር ማሰብ አለብን።

ምላሽ 5፦ የገጠር ቀበሌዎች ሱፐርቫይዘር

የሁለት ልጆች አባት የገለጹት ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በሩን መዝጋት አይመስለኝም። በዋሂል፣ በብዮ አዋሌና በጀልዴሳ በኩል ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ስለሠራሁ አንድ ነገር ልጨምር።

ከክፍል ውጭ የተገኘ ዕውቀትን መቁጠር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ከብት የሚጠብቁና ውሃ የሚቀዱ ልጆች የመጀመሪያዎቹን 4 ክፍሎች ትምህርት በ3 ደረጃዎች ሲያጠናቅቁ፣ ሰዓቱም ሆነ የትምህርት ወራቱ ከአካባቢው ኑሮ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ይወሰናል። ከብቱ ወደ ውሃ በሚነዳበት ሰዓት ትምህርት የለም፤ ሲመለሱ ጥላ ሥር ወይም በዳስ ይሰበሰባሉ። ያጠናቀቀ ልጅ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ይገባል፤ «ያንተ 4ኛ ክፍል እውነተኛ አይደለም» የሚለው የለም። ከላይ ደግሞ መዛኙ እንደነገሩን ሙያ ከየትም ቢገኝ ይመዘናል። ስለዚህ ከታች ለልጆች፣ ከላይ ለባለሙያዎች የተቀበልነውን መርሕ መካከል ላይ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ነው ያጣነው። ትምህርት አቋርጦ ሥራ የሚገባው ወጣት የሚበዛው ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ነው፤ ባጃጅ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በታይዋን ገበያ ሱቆች የምናያቸው እነርሱ ናቸው።

እምነት የማጣቱን ነገር በተመለከተ፣ የወርክሾፕ ባለቤት ፊርማ ብቻውን በቂ ይሁን ያለ ሰው የለም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመችው ብሔራዊ ክፍት ትምህርት ቤት ተማሪው በፈለገው ፍጥነት እያንዳንዱን የትምህርት ዓይነት ለየብቻው እንዲፈተንና ያለፈው እንዲያዝለት ያደርጋል። የት እንደተማረ አይጠየቅም፤ ፈተናው ግን ማዕከላዊ ነው። እንዲህ ቢሆን የጠያቂዋ ወንድም ዘንድሮ ሒሳብን፣ ለከርሞ ፊዚክስን ተፈትኖ እያስያዘ መሄድ ይችል ነበር፤ በአንድ ትምህርት መውደቅ ዓመቱን ሙሉ አያሳጣውም። ማታ የሚማሩ ሠራተኞችን ከሁሉ የሚጎዳቸው እኮ ይህ ነው፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወይም ምንም። የሁለት ልጆች አባት ስጋት በጥብቅ ፈተና ይመለሳል፤ ታሪኩና ባዮሎጂውም በዚያው ይጠየቃል።

የጠያቂዋ አስተያየት፦ የሳቢያን እኅት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምላሾቹን ለወንድሜ አንብቤለት ነበር፤ የማታ ትምህርቱን ለመመዝገብ፣ ከዚያ በፊት ግን የብቃት ምዘናውን ለመውሰድ ወስኗል። የቶርኖ ቤቱን ባለቤትም አብረን አነጋግረናቸው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲወጣ ተስማምተዋል። የሁለት ልጆች አባት የጻፉትም ቢሆን አስቆጥቶኝ አልነበረም፤ በሐቅ የደከመ ሰው ከሌባ ጋር እኩል እንዳይቆጠር የተናገሩት ለወንድሜም ነው።

አንድ ነገር ብቻ መምህሩን ልጠይቅ። በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ላይ የአያታችን ስም «አብዱላሂ»፣ በ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቱ ላይ «አብዱላሒ»፣ በፋይዳ መታወቂያው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ በሌላ አጻጻፍ ነው የሰፈረው። ይህ ችግር ይፈጥርበታል?

ምላሽ 6፦ የማታ መምህር (ከዚራ)

በአማርኛው «ሂ» እና «ሒ» ብዙ ጊዜ ታልፎ ይታያል፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ ያለው ልዩነት ግን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ስለሚያስቸግር ከአሁኑ ይስተካከል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ በመጀመሪያ ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ ቀጥሎ ፋይዳውን በዚያ አጻጻፍ አስተካክሉ፤ ከዚያ መታወቂያውን ይዛችሁ 10ኛ ክፍል ወደጨረሰበት ትምህርት ቤት ሂዱና ትራንስክሪፕቱ በዚሁ ስም እንዲሰጣችሁ በማመልከቻ ጠይቁ። መልቀቂያውም በዚያው ቀን ይውጣ። ማታ ሲመዘገብ ስሙን የሚሞሉት ከመልቀቂያው ላይ ገልብጠው ስለሆነ፣ እዚያ የተስተካከለው እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ሳይለወጥ ይሄዳል። ለብቃት ምዘናውም የሚሞላው ቅጽ ላይ ይህንኑ አጻጻፍ ይጠቀም። ምዝገባ ሲጀመር በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በነሐሴ መጨረሻ ብቅ እያላችሁ እዩ።